ድምፁን ያጣው ሐኪምና ሦስቱ ተማሪዎቹ

በአንድ ወቅት የሰው አንገት ሲዳስስ ያረጀ አንድ ሐኪም ነበረ። ዶክተር አጥናፉ ይባላል። ሥራው ካንሰር የበላውን ምላስ፣ መንጋጋና ጉሮሮ ቆርጦ ማውጣት ነው። ሆድ ቢቀደድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ፊትና አንገትን ምን ይሸፍነዋል?

ቆርጦ መሸኘት ግን አልበቃውም። ሌላው ሐኪም በሽተኛው ከበር ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ አያውቅም፤ ባያውቅም እንቅልፉን ይተኛል። አጥናፉ አልተኛም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አውቶቡስ እየተሳፈረ የቆረጣቸውን ሰዎች በየቀያቸው ይፈልጋል። መብላት ችለዋል? ይተነፍሳሉ? ሞተው ከሆነስ መቼ፣ እንዴት? ሁሉን በቁራጭ ወረቀት እየያዘ፣ ጊዜ ሲያገኝ ወደ አንድ መዝገብ ይገለብጣል። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አራት ሰው። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። በዚህ ዓለም ላይ ያሉት እህቱ ወይዘሮ የሺመቤትና ያ መዝገብ ብቻ ነበሩ።

ከመዝገቡ አንድ ነገር ተማረ። በአገራችን ሰው ክፉ በሽታ ሲይዘው ዘመድ ሐኪሙን ጥግ ይስብና፣ "እባክዎ እንዳይነግሩት፣ ይደነግጥብናል" ይላል። ሐኪሙም እሺ ብሎ ይገላገላል። አጥናፉ አንድ በአንድ ተከታትሎ ሲያየው፣ በሽታቸው ያልተነገራቸው ሰዎች ለቀጠሮ አይመለሱም፤ ያልተመለሱትም ቶሎ ይሞታሉ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቹ ሁለት ሕግ አወጣ፦ "ለበሽተኛው ለራሱ ሳትነግሩ ቢላ አታንሱ። ከፈቀደላችሁ በላይም አትቁረጡ።"

ከተማሪዎቹ ሦስቱን እንደ ልጆቹ ያያቸው ነበር። ገረሱ ልቡ ስስ ነው፤ በሽተኛ ሲያለቅስ አብሮ ያለቅሳል። ምንትዋብ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም፤ ያየችውን ትናገራለች። ሸምሱ ደግሞ እጅ ነው፤ ሲሠራ ያየው ሰው ትንፋሹን ይይዛል።

አንድ የጥቅምት ሰሞን የአጥናፉ ድምፅ ሻከረ። "ጉንፋን ነው" አለ። "ሦስት ሳምንት የሻከረ ድምፅ ጉንፋን አይደለም!" እያለ ሰው ላይ ሲጮህ የኖረው ሐኪም፣ በራሱ ሲመጣ ሁለት ወር ሙሉ ጉንፋን አደረገው። በመጨረሻ ገረሱ ለምኖ ለምኖ አስተኛውና ከጉሮሮው ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ለምርመራ ላከ።

ውጤቱ የደረሰው ለገረሱ ነው። ካንሰር። ገና ትንሽ ነበር፤ ወዲያው የጨረር ሕክምና ቢጀምር ድምፁ ሳይቀር ይተርፋል። ገረሱ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ወይዘሮ የሺመቤት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቱን አይታ ገባት።

"ልጄ፣ እንዳትነግረው።"

"እትዬ፣ ሕጉ የራሳቸው እኮ ነው።"

"ሕጉን ያወጣው ለሰው ነው፤ እሱን የማውቀው እኔ ነኝ። ከነገርከው መዝገቡን ሳይጨርስ ዛሬውኑ ይሞትብኛል። ትንሽ ቀን ስጠው።"

ገረሱ ገባ። "እብጠት ብቻ ነው ጋሼ። ድምፅዎን ያሳርፉ።"

"ወረቀቱስ?"

"እኔ አይቼዋለሁ።"

"እሺ" አለ አጥናፉ። የማንንም ውጤት በገዛ ዓይኑ ሁለት ጊዜ ሳያነብ የማያምነው ሰው፣ የራሱን ወረቀት ሁለተኛ አልጠየቀም።

ገረሱ ሊነግረው ያሰበው በሳምንቱ ሰኞ ነበር። ሰኞ ሲደርስ ለሚቀጥለው ሰኞ አስተላለፈው። እንዲህ እያለ ሦስት ወር ሄደ። በእነዚያ ሦስት ወራት አጥናፉ ደህና በላ፣ ደህና ተኛ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት የተበታተነውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ በመልክ በመልኩ ጻፈ። አርባ ሰው ብቻ ቀረው። እንደዚያ ሰሞን ተደስቶ አያውቅም። ጉሮሮው ውስጥ ያለውም ማንም ሳይከለክለው አደገ።

ምንትዋብ የሌላ በሽተኛ ውጤት ስትፈልግ የመምህሯን ስም አገኘች። ቀኑንና የተረከበውን የገረሱን ፊርማ አየች። ገረሱን አልጠየቀችም፣ ከእህትየዋም አልተማከረችም። ቀጥ ብላ ቢሮው ገባችና በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ካንሰር ነው። ውጤቱ ከመጣ ሦስት ወር ሆኖታል። ደብቀውዎት ነው።"

"ማን?"

"ገረሱ።"

"ማን አስደበቀው?"

"ሐኪምን የሚያስደብቅ ዘመድ ነው፤ እሱን ቤትዎ ይጠይቁ።"

አጥናፉ ብዕሩን አስቀመጠ። ቤቱ ሲደርስ በዚያች በቀረችው ድምፁ እህቱን "ለምን ደበቅሽኝ?" አላት።

"አንተስ ወረቀቱን ለምን አልጠየቅክም?" አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት መስመር አልጻፈም። ምግብም ተወ። ወይዘሮ የሺመቤት ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ ሄዳ ምንትዋብን ያዘቻት።

"አንቺ ሴት፣ ወንድሜን በቁሙ ገደልሽው!"

"እኔ አልገደልኳቸውም እትዬ። ሲገድሏቸው ደረስኩ።"

ባትነግረው ኖሮ አየር አጥቶ ታፍኖ ይሞት ነበር፤ ይህን ገረሱም አይክድም። ብዕሩን ከእጁ የጣለችው እሷ መሆኗንም ራሷ ምንትዋብ አትክድም።

የጨረሩ ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ቢላ ነው። አጥናፉ ሸምሱን መረጠ። በራሱ እጅ ጽፎም ፈረመ፦ "ማንቁርቴን ግማሹን ቁረጥ። በሽታው ከዚያ ካለፈ ግን ዝጋውና ተወኝ። ድምፄን ወስደህ እንዳታስነሳኝ።"

"እሺ ጋሼ" አለ ሸምሱ።

"ማልልኝ።"

"ወላሂ።"

ሸምሱ ከፈተ። በሽታው አልፏል። ነርሷ የተፈረመውን ወረቀት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። ቢዘጋው አጥናፉ ከሁለት ወር አያልፍም፤ ማንቁርቱን ከነሥሩ ቢያወጣው ይድናል።

"ዶክተር፣ ምን እናድርግ?" አለች ነርሷ።

"በመሐላዬ አላህ ይጠይቀኝ" አለና ሁሉንም ቆርጦ አወጣው።

አጥናፉ ነቃ። አየሩ የሚገባው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሸምሱን አየው። ሸምሱም ዓይኑን አልሰበረም።

ዓመት አለፈ፤ በሽታው አልተመለሰም። የቀሩትን አርባ ሰዎች ቀስ እያለ ጻፋቸው፤ መዝገቡ አለቀ። ኑሮው ግን ምን ኑሮ ነው! ስልክ ሲጠራ ቆሞ ያየዋል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ሲያስለው አክታው የሚወጣው በአንገቱ ነውና ጎረቤት ሰበብ ፈጥሮ ይነሳል። የሚናገረው በትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ነው፤ ጽፎ እስኪጨርስ ሰው ወደ ሌላ ወሬ ይሄድበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ከፍቶ የድሮ ገጾችን ያገላብጥ ጀመር። እሱ ራሱ ማንቁርታቸውን ያወጣላቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ከብዙዎቹ ስም አጠገብ "ደህና ነው"፣ "ደህና ናት" ብሎ ጽፏል። ብዕር አነሳና አንድ በአንድ ይሰርዛቸው ገባ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች የሺመቤት ደንግጣ።

ሰሌዳው ላይ ጻፈላት፦ "መብላታቸውን አየሁ። መተንፈሳቸውን አየሁ። ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኳቸውም።"

በሰኔ ጡረታ ይወጣል። የመዝገቡን ወረቀት ማንም ማባዛት ይችላል፤ ሥራውን ግን የሚረከበው አንድ ሰው ነው። በየዓመቱ አውቶቡስ የሚሳፈረው፣ በየደጁ የሚቆመው፣ በአጥናፉ ወንበር የሚቀመጠው አንድ ነው። የገጠር ሰዎቹም በራቸውን የሚከፍቱት አጥናፉ በፊርማው ለላከው ሰው ብቻ ነው። በአንድ እሑድ ሦስቱን ቤቱ ጠራቸውና ሰሌዳውን አዞረላቸው፦ "ለማን ልስጥ?"

ገረሱ ወለሉን እያየ፣ "እኔ ባልደብቅ ኖሮ መዝገብ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር" አለ።

"ድምፃቸውም አይጠፋም ነበር!" አለች ምንትዋብ። "እኔ ባልናገር ዛሬ መዝገብ የሚሰጥ ሰው አይኖርም።"

"ተናገርሽ፤ ከዚያስ?" አለ ሸምሱ። "ነግረሽ ወጣሽ። ከሞት ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

"ተወኝ ያሉህን ሰው!"

"አዎ፤ ተወኝ ያሉኝን ሰው።"

"ምለህ!" አለ ገረሱ።

"አንተ ዝም በል። እኔ መሐላ ያፈረስኩት የአንተን ሰኞዎች ለማስተካከል ነው።"

ወይዘሮ የሺመቤት ከጓዳ ወጣች። "ወንድሜን ለሦስት ተካፍላችሁ ጨረሳችሁት፤ አሁን ደግሞ ወረቀቱ ቀራችሁ?" አለችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "እኔም አለሁበት፤ ለእኔ ግን እንዳትሰጠኝ።"

አጥናፉ ትከሻው ተነቃነቀ፤ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አልታወቀም። መዝገቡን ጭኑ ላይ አደረገ። ጠመኔውን አነሳ።

እንግዲህ እዚህ የተቀመጣችሁ ተከራከሩበት። አንዱ ሕጉን በፍቅር ጥሶ መዝገቡን አስጨረሰ፤ ድምፁንም አስበላ። አንዷ ሕጉን ጠብቃ ሞት መምጣቱን ነገረችው፤ የቀረችውንም ሰላም ወሰደችበት። አንዱ የማለውን አፍርሶ ነፍሱን መለሰለት፤ ነፍሱን ግን እሱ አልጠየቀም ነበር። ከአሁን በኋላ ከሦስቱ አንዱ መዝገቡን ይዞ ደጅ ያንኳኳል። የታመመው የእናንተ አንገት ቢሆን፣ በሩን ስትከፍቱ ማንን ቆሞ ብታገኙት ትወዳላችሁ? መዝገቡስ ለማን ይገባል?