ጉድጓድ ቆፋሪውና የተማረች ልጁ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ስሙ ቢረጋ ይባላል። ፊደል አልቆጠረም፤ ነገር ግን በዚያ አገር የሚጠጣው ውኃ አብዛኛው በእሱ እጅ የወጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚኮራው በመንደሩ መካከል በቆፈረው ጉድጓድ ነበር። እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

ልጁ ፈትለወርቅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። የምታጠናው ስለ ውኃ እንደሆነ ስትነግረው አባቷ ሳቀ።

"ውኃ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ቆፍሮ ማውጣት ነው እንጂ!"

ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት ዕረፍት ስትመጣ የመንደሩን ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው አገኘች። ሁለቱ ተቀብረዋል። ሰው ሁሉ ብርዱን ይወቅሳል። እሷ ግን ከየጉድጓዱ ውኃ በጠርሙስ ቀድታ ከተማ ወስዳ አስመረመረች። የተመለሰች ዕለት እህል አልቀመሰችም።

"አባባ፣ ለሌላ ሰው ከመናገሬ በፊት ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው። ልጆቹን የሚያሳምማቸው መሀል ያለው ጉድጓድ ነው።"

"የኔ ጉድጓድ? ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የጠጣው?"

"ስትቆፍረው ከበላዩ ቤት አልነበረም። አሁን ግን በኋላ ከተሠሩት ቤቶች የመጸዳጃ ፍሳሽ እየሰረገ ይገባበታል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ እያወቅን ዝም ካልን ግን የሁለታችንም ይሆናል።"

ቢረጋ ፊቱ ጠቆረ፤ ወጥቶም ሄደ። "ያስተማርኳት በሰው ፊት እንድታዋርደኝ ነው?" እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። ሲመለስ በጎረቤቱ ደጃፍ አለፈ። ልጃቸውን የቀበሩት በዚያው ሳምንት ነበርና ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ቆሞ አየውና አንገቱን ደፋ።

እሑድ የዕድሩ ሰው ሲሰበሰብ ልጁ አፏን ሳትከፍት እሱ ተነሣ።

"የቆፈርኩት ጉድጓድ ተበክሏል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይቀዳ። ይህን መርምራ ያወቀችው ልጄ ናት፤ እኔም አምኛታለሁ።"

በማግስቱ በገዛ እጁ ደፈነው። ፈትለወርቅ ከቤቶቹ በላይ ሌላ ቦታ መረጠች፤ አባትና ልጅ ከመንደሩ ሰው ጋር አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ በዕረፍቷ ሁሉ በአጎራባች መንደሮች እየዞረች ውኃ ታስመረምር፣ ሴቶቹንም ውኃ እንዴት እንደሚታከም ታስተምር ጀመር። ተቅማጡም ጋብ አለ።

የምረቃዋ ቀን ቢረጋ ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፈትለወርቅ በከፍተኛ ውጤት ሜዳሊያ ተሸለመች። ጭብጨባው ሳይበርድ ስሟ እንደገና ተጠራ፤ ይኼኛው ለሕዝብ ላበረከተችው አገልግሎት ነበር።

አጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት ተገረሙ። "ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

ቢረጋ ሳያስበው ብድግ አለ።

"የኔ ናት! ወለድኳት፤ እሷ ደግሞ አስተማረችኝ።"

ወዳጄ ሆይ፣ ልጅን ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ ተምሮ ከተመለሰ ልጅ መማር ግን ይበልጥ ይከብዳል። ፈትለወርቅ የተመሰገነችው ያወቀችውን ይዛ ወደ ወገኖቿ ስለተመለሰች፣ መራራውንም እውነት በአክብሮት ስለተናገረች ነው። አባቷም የሚኮራበትን ነገር ለሰው ሕይወት ሲል ደፍኗል። እርስዎስ፣ እጅግ በሚኮሩበት ሥራዎ ላይ ልጅዎ ስሕተት ቢያገኝበት ይሰሙት ይሆን?