በስንዴው መሃል የሚያልፈው መንገድ

አንድ አዛውንት ልጃቸውን ሊጠይቁ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ጋሽ ምንዳዬ ይባላሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን የነገረችኝ ልጃቸው አይናለም ናት። እዚያው አገር ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

ወገኖቼ፣ ሹፌር ጡረታ ቢወጣም ዓይኑ ጡረታ አይወጣም። ጋሽ ምንዳዬ መንገድ ካዩ ወዴት እንደሚያደርስ ሳይጠይቁ አያልፉም። ከተማው ውስጥ ጠይቀው ጠይቀው ልጃቸውን ሲያደክሟት፣ በእረፍት ቀኗ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ገጠሩን ላሳይህ» አለቻቸው።

ሄዱ። ትንሽ መንደር ደርሰው አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መኪናዋን አቆመች። ወተት የገባበት ሻይና ኬክ የሚሸጥበት ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ምንዳዬ በመስኮቱ ሲመለከቱ ወፍራም ጫማ ያደረጉ፣ በትር የያዙ፣ ቦርሳ ያዘሉ ሰዎች ያልፋሉ።

«እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚሄዱት?»

«የትም አባዬ። ይሄዱና ይመለሳሉ።»

«ዘመድ ሊጠይቁ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሊያመጡ?»

«ምንም። ለመሄድ ብለው ነው የሚሄዱት።»

ጋሽ ምንዳዬ ሻያቸውን ጨረሱ። ከዚያ ተነሡና፣ «በይ እኛም እንሂድ፤ ሰው ያለ ነገር እንዲህ አይደክምም» አሉ።

አባትና ልጅ በእግር ወጡ። ጋሽ ምንዳዬ በየደረሱበት ይቆማሉ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ አጥር አይተው በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት። አልነቃነቅ አላቸው። በጎቹ ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፤ «ምነው ቀቧቸው?» አሉ፤ አይናለም አላወቀችም። ውሻ የያዘች ሴት አገኙ፤ ሰላምታ ሰጥታቸው የውሻውን ስም ነገረቻቸው፣ የራሷን ሳትነግራቸው ሄደች። ኮረብታው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ የአንዲት ሴት ስም ተቀርጿል፤ ከሥሩም ይህን ቦታ ትወደው እንደነበር ይናገራል።

«መቃብሯ ነው?»

«አይደለም አባዬ፣ መቀመጫ ነው። ቤተሰቦቿ ናቸው ለመታሰቢያ ያስቀመጡላት።»

ጋሽ ምንዳዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ። ያቺን የማያውቋትን ሴት ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩላት።

እንዲህ እያሉ ቁልቁል ሲወርዱ አንድ የስንዴ ማሳ ደረሱ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ ከጉልበት በላይ አድጓል። መንገዱ የማሳውን ዳር ይዞ አልሄደም። መሃል ለመሃል፣ ሰው በመቀስ እንደቆረጠው ጨርቅ፣ ስንዴውን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል።

ጋሽ ምንዳዬ ቆሙ።

«የሰው አዝመራ ረግጬ አላልፍም።»

«አባዬ፣ ይኸው ምልክት ቆሟል። የእግረኛ መንገድ ነው፤ ማንም ማለፍ ይችላል።»

«ምልክቱን ያቆመው ማን ነው? ባለቤቱ ነው? ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?»

እነሱ ሲከራከሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በማሳው ዳር ካለ ጎተራ በኩል እያነከሰ መጣ። ሮይ ይባላል። መንገድ የጠፋባቸው መስሎት ነው የመጣው። አይናለም አፍራ፣ «አባቴ ስንዴዎን መርገጥ አልፈልግም ብሎ ነው» አለችው።

ሮይ ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀ ሰው ይመስል ነበር አለችኝ አይናለም።

«ለአባትሽ ንገሪው» አለ። «መሬቱ የእኔ ነው፣ መንገዱ ግን የእኔ አይደለም። ከአባቴ በፊት ነበር፤ ከአያቴም በፊት ነበር። ልዘጋው አልችልም። ስንዴውን ስዘራ መንገዱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ማሽን ይዤ እወጣና እከፍተዋለሁ።»

«በየዓመቱ?» አሉ ጋሽ ምንዳዬ።

«በየዓመቱ። ሕግ ነው።»

ጋሽ ምንዳዬ ተገረሙ። የራሱን አዝመራ አጭዶ፣ ለማያውቀው ሰው መንገድ የሚከፍት ገበሬ። ከዚያ ያቺን ዕድሜ ልካቸውን የጠየቋትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ወዴት ነው የሚያደርሰው?»

ሮይ በእጁ ወደ ታች አመለከተ። «ቁልቁል ይወርዳል። ወንዝ አለ፤ ድልድይ አለው። ከድልድዩ ማዶ ሌላ እርሻ አለ።»

«የማን እርሻ?»

«የወንድሜ።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ወንድም አለኝ ሲላችሁ ቀጥሎ ምን ትላላችሁ? ጋሽ ምንዳዬም ያንኑ አሉ። «ወንድሙ ደህና ነው ወይ በይልኝ።»

አይናለም በአማርኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እዚህ አገር የሰው ቤት ጉዳይ አይጠየቅም» አለች።

«የምን ጉዳይ ነው? ደህና ነው ወይ ማለት ሰላምታ አይደለም እንዴ?»

ጠየቀችው። ሮይ ስንዴውን አየ። ድልድዩ ወዳለበት አቅጣጫ አየ። «አላውቅም» አለ።

አላውቅም አለ። ወንድምየው ያለው እዚያው ቁልቁለቱ ሥር ነው። ጢሱ ይታያል። ውሻው ሲጮህ ይሰማል። ደህና ይሁን አይሁን ግን አያውቅም።

ሮይ ይህን ካለ በኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ ሳይጠየቅ ቀሪውን ተናገረ። ዴሪክ የሚባል ወንድም አለው። እናታቸው አርጅታ ራሷን መቻል ሲያቅታት ሮይ እቤቷ ትሁን አለ፣ ዴሪክ የአረጋውያን መጦሪያ ትግባ አለ። ዴሪክ አስገባት። ብዙም ሳትቆይ እዚያው ሞተች። ከቀብሯ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ።

«መንገዱን እስከ ድልድዩ እከፍታለሁ» አለ። «ከድልድዩ እመለሳለሁ።»

ጋሽ ምንዳዬ አልመከሩትም። አልገሠጹትም። «እኛ ወደዚያው ነን» አሉ፤ «የምናደርስለት ነገር ካለ።»

«የለኝም» አለና ሮይ ፊቱን አዞረ። ጥቂት ሄደና ግን ቆመ። «ድልድዩ ላይ ተጠንቀቁ» አለ፤ «እንጨቱ ያዳልጣል።»

በስንዴው መሃል ሄዱ። አይናለም መንገዱን ሙሉ አባቷን ስትለምን ነበር። «እባክህ አባዬ፣ እዚያ ስንደርስ ምንም አትበል።»

«አልዋሽም» አሉ ጋሽ ምንዳዬ። «ያልተላክሁትን ተልኬያለሁ አልልም። ያየሁትን ብናገር ግን ምን አለበት?»

ድልድዩን ተሻገሩ። ዴሪክ ግቢው ውስጥ የበር ማጠፊያ ይፈታል። ከወንድሙ የሚለየው ጺም ማሳደጉ ብቻ ነው። ሰላም ተባባሉ። ጋሽ ምንዳዬም፣ «ከወንድሙ ማሳ ነው የመጣነው በይው» አሉ።

ሰውዬው ቀና አላለም።

«መንገዱን ጥሩ አድርጎ ከፍቶታል በይው። ግን ያነክሳል።»

ያን ጊዜ ዴሪክ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የትኛውን እግሩን?»

አባትና ልጅ ተያዩ። የትኛው እንደሆነ ማን ልብ ብሎ አየ? ጋሽ ምንዳዬም በግቢው መሃል ሮይ እንደሄደ አድርገው፣ እያነከሱ ሄዱ። ዴሪክ ትኩር ብሎ አያቸው።

«ቀኙ ነው» አለ። «ዳሌው ነው። የአባታችን በሽታ ነው። እኔም ታምሜ ባለፈው ዓመት ነው ኦፕራሲዮን የሆንኩት።»

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ከስቷል? ውሻው አለ? አዝመራውን ማን ያግዘዋል? ብቻውን ነው? አይናለምና አባቷ አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ያን ሰው ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አይናለም ናት በመጨረሻ የተናገረችው። ያቺ የሰው ጉዳይ አይጠየቅም ያለችው አይናለም። «ይህን ሁሉ ለምን እርሱን ራሱን አይጠይቁትም?»

«እናታችንን እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ ዴሪክ። «በቀብሯ ዕለት ገደልካት አለኝ። ገድያት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ እኔ ራሴ አላውቅም። ምን ብዬ ነው የምሄደው?»

ልጅቱ ተረጎመች። ጋሽ ምንዳዬ የመጡበትን መንገድ በእጃቸው አመለከቱ። «እኛ መኪናችን ከወንድምህ ወዲያ ነው ያለችው፤ ተመልሰን በዚያው እንሄዳለን» አሉ። «ከፈለግህ አብረን እንሂድ። ካልፈለግህም መንገዱን እናውቀዋለን።»

ዴሪክ ጓንቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። አብሯቸው ወጣ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን እግሩ እንቢ አለው። ቆመ።

ከማዶ ሮይ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ የሽቦ መረብ በድልድዩ እንጨት ላይ በምስማር ይመታል። እንግዶቹ ሲመለሱ እንዳይወድቁ ብሎ ነው የወረደው። እንግዲህ ለእንግዶቹ ነው ወይስ ለሌላ፣ እግዚአብሔር ይወቅ። ቀና ሲል ወንድሙን አየ። መዶሻው በእጁ እንዳለ ቀረ።



«ዳሌህ ነው?» አለ ዴሪክ።

«ዳሌዬ ነው።»

«እኔ ኦፕራሲዮን ሆኜዋለሁ። አያስፈራም።»

«አልፈራሁም።»

«ፈርተሃል።»

ሮይ ለመነሣት ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ዴሪክ ድልድዩን ተሻግሮ በብብቱ ይዞ አነሣው።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ምንዳዬ።

«ስለ እግር ነው የሚያወሩት አባዬ» አለች አይናለም፤ ዓይኗን እየጠረገች። ትተዋቸው ሄዱ።

ጋሽ ምንዳዬ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አይናለም ስንዴው ከታጨደ በኋላ አንድ ቀን በዚያ አለፈች። ሮይ ለዳሌው ሆስፒታል ገብቶ ነበር። በጎቹን የሚጠብቅለት ዴሪክ ነው። ስለ እናታችሁ ተነጋገራችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። ጠያቂነቱን ከአባቷ ወርሳለቻ። «ገና ነን» አላት። ገና ናቸው። ግን አንዱ የሌላውን በጎች ያሰማራል።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ።

ሮይ ሕግ አፍርሷል? አላፈረሰም። መንገዱን ዘግቷል? አልዘጋም። በየዓመቱ በገዛ እጁ ከፍቷል። ውሻ የያዙ አለፉበት፤ በትር የያዙ አለፉበት፤ ከኢትዮጵያ የመጡ አዛውንት አለፉበት። ያላለፈበት አንድ ሰው ነው።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ክርስቶስ በደሙ የከፈተውን የዕርቅ መንገድ እኛ አንዘጋውም። ይቅርታን እንሰብካለን። ይቅርታን እንዘምራለን። የተጣሉ ባልና ሚስት እናስታርቃለን፤ እዚህ መካከል ስንት ቤት ያቆማችሁ ሽማግሌዎች አላችሁ። ሌላው ሁሉ በእናንተ በኩል አልፎ ወደ ወንድሙ ደረሰ። እናንተ ግን እስከ ድልድዩ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። አይደለም ወይ? በየሳምንቱ እስከ ድልድዩ ሄደን አይደለም ወይ የምንመለሰው?

ደግሞ ልብ በሉ። ዴሪክን ያስነሣው ስብከት አይደለም። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ክርክርም አይደለም፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ወንድምህ ያነክሳል የሚል አንድ ወሬ ነው። የራቃችሁት ሰው ዛሬ ምን ያመዋል? ታውቃላችሁ? እንቅልፍ ይተኛል? ልጁ ሥራ አገኘ? የበደላችሁን ታውቃላችሁ፤ ቀኑን ከነቃሉ ታውቃላችሁ። እርሱን ግን ታውቁታላችሁ?

ምን ብዬ ልሂድ ትሉኛላችሁ። ንግግር አዘጋጅታችሁ አትሂዱ። ጠይቁ። ደህና ነህ ወይ በሉ፤ መልሱንም ቆማችሁ ስሙ። የከበደውን ነገር ዛሬ ላትነጋገሩ ትችላላችሁ። ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየውን አንሡት።

አሁን ዘማሪዎቹ ሊነሡ፣ የመባው ሣጥን ሊዞር ነበር። ዘማሪዎች፣ ትንሽ ተቀመጡልኝ። መባውም ይቆይ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘወትር በቀኝ በር የሚገቡ አሉ፤ በግራ በር የገባውን ሰው ላለማግኘት ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ስም አልጠራም።

ተነሥታችሁ ወደዚያ ሰው መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ። እኛ እዚህ ዝም ብለን እንጠብቃችኋለን።