የእማማ የሻረግ መገነዣ

ዓይኑ በሰው ዕቃ ላይ የሚንከራተት ሲያጋጥማቸው በእኛ አገር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ሰሚው ይስቃል፤ መነሻዋን ስለማያውቅ ነው የሚስቀው።

አዛናው የእህቱን ባል ጓንጉልን አስከትሎ ወደ ዘመድ ሠርግ ይሄዳል። እህቱ ነፍሰ ጡር ነበረችና "ባሌን አደራ" ብላዋለች። መንገድ ላይ ውሃ ሊጠጡ ከአንዲት አሮጊት፣ ከእማማ የሻረግ ደጅ ጎራ አሉ። አሮጊቷ ራሳቸው ፈትለው በቁመታቸው ልክ ያሠሩትን መገነዣ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ያስመቱ ነበር።

"እጅዎ ይባረክ እማማ። እንዲህ ያለ ፈትል አይቼ አላውቅም" አለ አዛናው፤ ውሃውን ጠጥቶም ተነሣ።

ጓንጉል ግን ጨርቁን በጣቶቹ እያሸ ቆመ። "ይሽጡልኝ።"

"ልጄ፣ ይኼ እኮ መገነዣዬ ነው።"

"ጥለት ቢሰፋበት መገነዣ መሆኑን ማን ያውቃል? ቤት ያለውን በቅሎዬን ልስጥዎ።"

"ተው እንጂ፣ ነውር ነው" አለ አዛናው አፍሮ።

አሮጊቷ የጓንጉልን ዓይን ትክ ብለው አዩና ጨርቁን አጣጥፈው ሰጡት። በቅሎውን አልፈለጉም። "ሰው ልቡን የጣለበትን ለብሼ አፈር ውስጥ አላርፍም። ውሰደው" አሉ።

ጓንጉል እዚያው ደረበው። እማማ የሻረግ አጭር ነበሩና ከጉልበቱ አላለፈም። ወንዙን ሲሻገሩ አዛናው ዘወር ብሎ ቢያይ ጨርቁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሷል። ዝቅ አድርጎት ይሆናል ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ዳገቱ ላይ ግን ጫፉ አቧራ ይጠርግ ጀመር፤ ያኔ ፈራ።

"አውልቀው ጓንጉል፣ በእህቴ ይዤሃለሁ።"

"በርዶኛል" አለ ጓንጉል፣ በዚያ በቀትር ፀሐይ። "የሚያሞቀኝ እሱ ብቻ ነው።"

አዛናው ጫፉን ይዞ ሳበው። ጨርቁ ከገላው ጋር የተሰፋ ይመስል አልላቀቅ አለ።

ሠርጉ ቤት ሲደርሱ ጓንጉል የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ተቀመጠ። ዘፈኑ ደርቷል። ጠላ ቢሰጡት እጁን አልዘረጋም። ጠጋ ብለው ቢነኩት ገላው በረዶ ሆኗል። አዛናው ለእህቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጠፍቶት መሬት ላይ ተዘርፍጦ አለቀሰ።

ሰው ለመገነዣ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ሲራወጥ፣ አንድ ሽማግሌ አጎንብሰው ጓንጉል የደረበውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ለኩት። ልኩ ነበር፤ አንድ ጣት እንኳ አልተረፈም።

"ሌላ አትፈልጉ" አሉ። "ይኼን ከየት አመጣው?"

አዛናው እያለቀሰ ከአሮጊቷ ደጅ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ የጨርቁን ጫፍ በጓንጉል ፊት ላይ መለሱና "ያደነቀ አይቶ ይሄዳል፣ የጎመጀ ለብሶ ይቀራል" አሉ።