ከጎን የታየ ሳንባ

አንዲት ሐኪም ነበረች። ውጭ አገር ተምራ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። የራጅ ክፍሉ ጠረጴዛ የሚይዘው አንድ የኮምፒውተር ስክሪን ብቻ ነው። ጀርባው የተነፋውን አሮጌውን አስነስታ ስሱን ፍላት ስክሪን አስቀመጠች።

የራጅ ባለሙያው ጌትዬ አሮጌውን ታቅፎ ቆመ። «ዶክተር፣ ይሄን እኮ ሁላችን ከበን ስናየው ነው የኖርነው።»

«እሱን ለመሸከም በቅሎ ያስፈልጋል» አለችው። ሳቀና ጥግ አኖረው።

በዚያው ቀን ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ ወጣት ደረቱን ይዞ መጣ። ደስይበለው ይባላል። ራጅ ተነሣ፤ አባቱም ውጤቱን ሊሰሙ አብረውት ገቡ። ሽማግሌ ሲገባ እኛ ምን እናደርጋለን? እንነሣለን። እሷም ተነሣች።

«ኖር፣ አባባ። እዚህ ይቀመጡ።»

«በእግዜር፣ ልጄ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«እርስዎ ቆመው አልቀመጥም።»

አባት ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። እሷ ከጎን ቆማ ስክሪኑን አየች። የተሰበረ አጥንት የለም። ሳንባውም እንደ ጤነኛ ሳንባ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው።

«ደህና ነው፤ ቤቱ ሄዶ ይረፍ» አለች። አባት መርቀዋት ከልጃቸው ጋር ወጡ።

ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ምስሉን ልትዘጋ የዘረጋችው እጅ ባለበት ቀረ። ከጎን ሆና ግራጫ ያለችው ከፊት ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ዳር ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ለቋል፤ በመካከላቸው አየር ገብቷል። ራሷን ዘመም አደረገች፤ መስመሩ ጠፋ። ቀና አለች፤ ተመለሰ።

በሩ ክፍት ነው። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ «ደህና ነው» ስትል ሰምቷታል። አሁን ምን ትበል? ያ ሁሉ የውጭ ትምህርት ምን ይባላል? ምናልባት ምንም አይደለም። ምናልባት ከባሰበት ራሱ ይመለሳል። ምናልባት።

እሷ ምናልባት ስትል ልጁ ትንፋሹ እያጠረው ወደ ግቢው በር ይሄድ ነበር።

ሮጠች። አንድ እግሩን ባጃጅ ውስጥ ሲያስገባ ደረሰችበት። «ውረድ፣ ወንድሜ።»

አባት ግራ ገባቸው። «አሁን ደህና ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ፣ አባባ። ሳላይ ነው ያልኩት።»

ደረቱ ውስጥ ቱቦ ገባ፤ አየሩ ወጣ፤ ልጁ ተነፈሰ።

«ጌትዬ፣ አሮጌውን መልሰው» አለች። «ስሱ ከጎን ሲያዩት ይዋሻል፤ እዚህ የምናየው ደግሞ ከበን ነው።»

«በቅሎዋን ከየት ላምጣ?»

«አንተ አለህ አይደል?»

ወገኖቼ፣ የስክሪኑን ምርጫ ለነሱ ልተወው። እናንተ በምራታችሁ ላይ፣ በጎረቤታችሁ ላይ፣ ደጃችሁን በዘጋችሁበት ወንድም ላይ ስትፈርዱ የት ቆማችሁ ነበር? ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ አያችሁት? ወይስ ከጎን?

ሁልጊዜ ቀጥ ብላችሁ እዩ ብዬ አልሰብክም፤ እንደምንችልም እርግጠኛ አይደለሁም። ልጁን ያተረፈው ግን ሐኪሟ በሰው ፊት ቃሏን ልትመልስ መሮጧ ነው። የፈረዳችሁበት ሰው ገና ከበር አልወጣ ይሆናል። ተቀምጣችሁ ምናልባት ትላላችሁ? ተነሡ። ሳይሳፈር ድረሱበት።