ቀበሮ የሣር በሎች ወኪል

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ በቀረችበት በጋ፣ እመት አህያ እንቅልፍ አጣች። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልጣለም፤ ኩሬዋ ዳር ደግሞ አያ ጅቦ ቀኑን ሙሉ ይንጎራደዳል። ንጉሥ አንበሳ የውሃ ተራ ሊያወጣ ነውና ሣር በሎች አንድ ወኪል እንዲልኩ አዘዘ።

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ጉብታ ላይ ወጣ። «ያ ሆዳም ጅብ ይጥፋልን! የሣር በሎች መብት ይከበር!» እያለ አንጀታቸውን አራሰው። እሱ ራሱ ሣር ቀምሶ እንደማያውቅ ያሰበ አልነበረም። ፍየልም፣ በግም፣ በሬም ጭቃው ላይ ኮቴያቸውን እያተሙ ወከሉት። አህያዋም አተመች። ጅብን እንዲህ አምርሮ የሚሰድብ የልቤን ያውቃል ብላ ነው እንጂ፣ ንጉሡ ፊት ምን ሊል እንዳሰበ አልጠየቀችውም።

በጉባኤው ቀን አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ጆሮዋን አቁማ ከወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወገኖቼ ከጅብ ጋር ባንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን መጠጣት ይፈልጋሉ። ሰላም ይሻላል ብለዋል።»

ቀበሮ የጅብን ትራፊ እየለቀመ እንደሚኖር አህያዋ ያኔ ትዝ አላት። ደንግጣ ወደ ፊት ወጣች።

«ኧረ ማን እንዲህ አለህ? እኛ የምንፈልገው ቀን ቀን ለብቻችን መጠጣት ነው!»

«እመት አህያ፣ ወክለሽኝ የለም እንዴ? ከእንግዲህ ማሰቡን ለእኔ ተይው።»

አንበሳ አዛጋ። «ኮቴሽን አይቻለሁ። እንግዲህ በዚሁ...»

አያ ጅቦ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። «አያ ቀበሮ! ከውርንጭላው ልጀምር ወይስ ከእናቱ?»

«ዝም በል አንተ ጅል!» አለ ቀበሮ። ግን ሁሉም ሰምቶ ነበር።

የአህያዋ ደም ፈላ። «ውክልናዬን አንስቻለሁ! ልጄን ላስበላ አልመረጥኩህም!» ብላ ውርንጭላዋን ከፊቷ እየገፋች ወደ አንበሳው ቀኝ ተሻገረች። ፍየል ተከተለቻት፤ በግም ሄደ፤ በሬው እያጉረመረመ መጨረሻ ላይ ተነሣ።

«ለመሆኑ ቀበሮ፣ አሁን የማን ወኪል ነህ?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ዘወር ብሎ አየ። ከኋላው የቀረው ጅብ ብቻ ነበር፤ ምላሱን አውጥቶ አሁንም መልሱን ይጠብቃል። አንበሳም ቀኑን ለሣር በሎች፣ ሌሊቱን ለጅብ ሰጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠላታችንን ስለሰደበልን ብቻ የመረጥነው ወኪል የእኛን ሐሳብ ይዟል ማለት እንዳልሆነና፣ ምን እንደምንፈልግ ነግረን ምን እንደተናገረልን ካልተከታተልን በስማችን የራሱን ጉዳይ እንደሚያስፈጽም ነው።