ከዘቢደር ቀኝ ማን ይቁም?

በቅድሚያ ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። እጄ አያምርም፤ ፊደልም ይምታታብኛል። ስምንተኛን እንደምንም ጨርሼ ነው ትምህርት ያቆምኩት። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስለማልችል ግን ታሪኩን ጽፌ ልስጣችሁ ብዬ አሰብኩ። ከመካከላችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ሲያልቅ ተከራከሩበት።

በአንድ ወቅት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘቢደር የምትባል ሙሽራ ነበረች። ሦስት ሴቶች አንደኛ ሚዜዋ መሆን ፈለጉ፤ ቦታው ግን የአንዲት ብቻ ነው። አንደኛ ሚዜ በሰርጉ ቀን ከሙሽራዋ ቀኝ ትቆማለች። ሙሽራው የሚያስተምረው አሶሳ ስለሆነ ደግሞ እስከዚያ አብራት ሄዳ፣ አዲሱን ቤት አብራት ከፍታ፣ አንድ ወር ሙሉ አብራት ትቀመጣለች። ሁለቱ ቤተሰቦች የተስማሙት በዚህ ነው። ሦስቱም ሴቶች «ይገባኛል» የሚሉት ስለ ዘቢደር ፊት ሲሉ ባደረጉት ነገር ነው። እንግዲህ ከፊቷ ልጀምር።

የዘቢደር እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ዛላውን ከገበሬ ይገዛሉ፣ ያሰጣሉ፣ ያስቀነጥሳሉ፣ በጆንያ ሞልተው ይልካሉ። በኅዳር ወር ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር ቀይ ነው። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቋ ስንዱ፣ ታናሿ ዘቢደር። የእህታቸው ልጅ ፈንታዬም እናቷ ስትሞት በስምንት ዓመቷ መጥታ እዚያው አደገች። ከዘቢደር ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አትወጣም፤ አፋር ናት።

ዘቢደርም ከጓዳ አትወጣም ነበር፤ የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ብጉር ፊቷን ወረሰው። ሲለቃት ጉንጮቿ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ያለበት አቧራ መስለው ቀሩ። እስከ ሃያ ሁለት ዓመቷ ድረስ ፊቷን በነጠላ ሳትሸፍን ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ሰርግ ሲጠሯት ራሴን አመመኝ ትላለች። ፎቶ ሲነሱ እኔ ላንሳችሁ ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ፈንታዬ ከእነዚያ ዓመታት የተሻለ ጊዜ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ይሆናሉ። ዘቢደር እንሶስላ ቀጥቅጣ ጣቶቿን ታስርላታለች፤ እስኪይዝ ድረስ የሂሳብ ጥያቄ ትጠይቃታለች። በመስኮት አላፊ አግዳሚውን እያዩ ለእያንዳንዱ ስም ያወጣሉ። እግሩን የሚጎትተውን ሰውዬ «ሰባራ ጋሪ»፣ ድምፃሟን ጎረቤት «ማይክ» ይሏቸዋል። ሳቃቸው ውጭ እንዳይሰማ አፋቸውን በጋቢ ያፍናሉ። ዛሬ ያ መስኮት ተደፍኗል፤ ግቢውም የሌላ ሰው ሆኗል። ፈንታዬ ግን የበርበሬ ሽታ በነካት ቁጥር የዚያ ክፍል ደብዛዛ ብርሃን ይመጣባታል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ስንዱ ከባሕር ዳር መጣች። ስንዱ እዚያ በአንድ የቆዳ ሐኪም ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር። ገና ሳትቀመጥ፣

«ዘቢደር፣ ልብስሽን ያዢና ተነሺ» አለች።

«ወዴት?»

«እኔ የምሠራበት ቤት። ሌዘር የሚባል የጠባሳ ሕክምና አለ። በብርሃን ነው የሚሠሩት።»

«እኔ ላይ ሊሞክሩት?»

«ዓመት ሙሉ ወለል እየወለወልኩ የሚገባውንና የሚወጣውን ፊት ሳይ ነው የከረምኩት። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽም ለዚህ ነው። አንዱ ፊቱ ጠቁሮበታል፤ አልደብቅሽም። የተባለውን ሳይሰማ ፀሐይ ላይ ውሎ ነው። ብዙዎቹ ግን ተሸፍነው መጥተው ሳይሸፈኑ ነው የሚሄዱት።»

ዘቢደር ሦስት ጊዜ አይሆንም አለች። ስንዱ አራተኛውን አልጠበቀችም። ልብሷን ራሷ ሸክፋ፣ እጇን ይዛ እስከ መናኸሪያ ጎተተቻት። ፈንታዬም ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

ሐኪሙ የዘቢደርን ጉንጭ በመብራት አየው፤ በጣቱም ዳሰሰው።

«ይህን ያህል የጎዳው ብጉሩ ብቻ አይደለም፤ እጅ ነው። ማን ነው ያፈረጠው?»

ስንዱ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ በመርፌ እየወጋሁ በሎሚና በጨው አሽላት ነበር። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ቻይው እላታለሁ። ይደርቅላታል ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ዘቢደር ዞሮ፣ «በየወር ተኩሉ አራት ጊዜ ትመጫለሽ። እንደ ልጅነትሽ አይሆንም፤ ጉድጓዱ ግን ይሞላል» አላት።

የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብተው፣ ጉንጮቿን በስስ ላስቲክ ሸፍነው፣ ለአንድ ሰዓት ከሰው መሀል አስቀመጧት። ነጠላም ማድረግ አይቻልም። የሰው ዓይን ሲበዛባት ዘቢደር ብድግ አለች።

«በቃኝ። እንሂድ።»

ፈንታዬ እሷን ቆይ አላለቻትም። ወደ ስንዱ ሄደችና «ለእኔም ሸፍኚልኝ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽና?»

«ሸፍኚልኝ አልኩሽ እኮ፣ እታለም።»

አንድም ብጉር ወጥቶበት የማያውቀውን ፊቷን በላስቲክ አስሸፍና ከዘቢደር ጎን ቁጭ አለች። አሁን ሰው የሚያየው ሁለቱን ነው። ዘቢደር ገልመጥ አድርጋ አየቻት።

«የሱቅ ዳቦ መስለሻል።»

«አንቺስ? የትናንቱን ዳቦ ነው የመሰልሽው።»

ዘቢደር ሳቀች፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ውስጥ ሲገቡ ዓይኗን በብረት ክዳን ጋረዱላት። ፈንታዬ ጥቁር መነጽር አድርጋ እጇን ያዘች። መሣሪያው ጠቅ ባለ ቁጥር የዘቢደር ጣቶች የፈንታዬን ጣቶች ጭምቅ ያደርጋሉ። ክፍሉ የተለበለበ ዶሮ ሸተተ። ሐኪሙ «በላስቲክ እንደ መመታት ነው» ብሏት ነበር። ስትወጣ «ላስቲኩ እሳት ውስጥ የከረመ ነው» አለች።

ሲመለሱ ፊቷ አብጦ እንደ ፍም ቀልቷል። ሚኒባስ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ እየዞረ ያያታል።

«እህት፣ ምን ነካሽ? ዘይት ተደፋብሽ እንዴ?»

ሰው ፊት ትንፍሽ የማትለው ፈንታዬ ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፤ «ሰው አይተህ አታውቅም? ዙርና መንገዱን እይ!» አለችው። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ተቀበል ልጄ፣ መልስህን» ሲሉ ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ፈንታዬ እስከ ዳንግላ ድረስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። ከዚያ ወዲያ በየጉዞው አብራት ሄደች፤ ጃንጥላ ያዘችላት፤ ቅርፊቱ ሲያሳክካት እንዳትነካው እጇን ይዛ ተረት አወራችላት።

ሁለተኛው ሕክምና የዋለው ጥቅምት ሲያልቅ፣ ዛላው ግቢ መግባት ሲጀምር ነው። ሐኪሙ ፀሐይንም ጭስንም አቧራንም ከልክሏል። በርበሬ ግን በሐሳቡ አልመጣለትም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም አልመጣላቸውም፤ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ውስጥ የኖረ ሰው አየሩ እንደሚያቃጥል ይረሳዋል። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ። የዘቢደር ጉንጭ ገና ሰሊጥ የተነሰነሰበት መስሎ ሳለ ብናኙ በመስኮት ገባ። ጩኸቷ ከአጥር አልፎ ተሰማ። እናቷ ግን እየሮጡ መጥተው «ምን ሆንሽ? እባብ ነው?» ይሏታል።

ጩኸቱን ሰምታ ነገሩ የገባት ትሁን ናት። ትሁን ጎረቤታቸው፣ የዘቢደር የክፍል ጓደኛ የነበረች፣ እዚያው ግቢ በርበሬ የምትቀነጥስ ሴት ናት። አፏ አያርፍም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ዘቢደርን «ወንፊት» ብላ የሰየመቻት እሷ ናት። ስሙ ከክፍል ወጥቶ ገበያ ደረሰ፤ ዘቢደርም በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። ያን ቀን ግን ትሁን በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይሄ በርበሬ ዛሬውኑ ከዚህ ይውጣ!»

«አርባ ጆንያ ወዴት ይውጣ? ራሴ ላይ ላስጣው?»

«እኛ ግቢ።»

«እናትሽስ ምን ትላለች?»

«ታስነጥሳ! ምን ትላለች?»

አርባውንም ጆንያ በጀርባዋ አመላለሰችው። እስከ ጥር ድረስ የራሷንም የዘቢደርንም ድርሻ ብቻዋን ቀነጠሰች። እጇ ከመቃጠሉ የተነሣ ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ በማንኪያ በላች። ዘቢደርን ልትጠይቅ ስትመጣም ልብሷ ብናኝ ስላለበት ከደጅ ቆማ ነው የምታወራት።

ሦስተኛው ሕክምና በታኅሣሥ ተደረገ። ቅርፊቱ ሲረግፍ ዘቢደር ቀኝ ጉንጯን በጣቷ ጀርባ ደጋግማ ዳሰሰችው። «የኔ ነው?» አለች። ለጥምቀት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በጃንጥላ ሆና ወጣች። ከአሶሳ ለበዓል የመጣው መምህር ያያት ያን ቀን ነው። የካቲት ሲገባ ሽማግሌ ላከ።

አራተኛው ሕክምና ግን አልሆነም። ባሕር ዳር ሲደርሱ ሐኪሙ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል። ስንዱም ሌላ ሥራ ይዛ ከዚያ ቤት ወጥታ ስለነበር ወሬውን አልሰማችም። በግራ ጉንጯ ጆሮዋ ሥር ያሉት ጠባሳዎች እንደ ጥንቱ ቀሩ። ዘቢደር «ይሁን፣ ይህም ብዙ ነው» አለች። መንገዱን ሁሉ ግን ጣቷ ከጆሮዋ ሥር አልተነሣም።

ሰርጉ ከትንሣኤ በኋላ ሆነ። ሦስት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ የሚዜ ቀሚስ ሊለኩ ተሰበሰቡ፤ ጭቅጭቁም ተነሣ።

«ባልጎትታት ኖሮ ዛሬም ጓዳ ናት» አለች ስንዱ። «ከቀኟ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«የገዛ እጅሽን ሥራ ነው እኮ ያሳከምሽው!» አለች ትሁን። «ሎሚና ጨው! ሰላጣ አደረግሻት እንዴ?»

«ወንፊት ያላትስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ መቼ ካድኩ? እጄን እይው እስቲ። እንደዚህ የሆነው ለማን ብዬ ነው?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ሁለታችሁም አበጃችሁ፤ ሁለታችሁም አበላሻችሁ። ይቺ ጥግ የተቀመጠችውስ? ያልሄደችበት መንገድ የለም፤ ምን አበላሸች?»

ሁሉም ወደ ፈንታዬ ዞሩ። ፈንታዬ አቀረቀረች። ቦታውን ከማንም በላይ ትፈልገው ነበር፤ ከዘቢደር ጋር አንድ ወር ማለት ለእሷ ብዙ ነው።

«ተዉኝ እስቲ» አለች ዘቢደር። «ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ።» ስታልፍ ግን ጎንበስ ብላ በፈንታዬ ጆሮ፣ «ፈንትዬ፣ ክፉ ነገር ያላየሁብሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት።

ፈንታዬ የሚቀጥለውን ነገር ለስንዱም፣ ለትሁንም፣ ለዘቢደርም፣ ለንስሐ አባቷም ነግራ አታውቅም። በወረቀት ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በሳምንቱ ዘቢደር ስልኳን ቤት ትታ ገበያ ወጥታ ነበር። ሐኪም ቤቱ ሲደውል ፈንታዬ አነሣችው። ሐኪሙ ስለሚሄድ ቀጠሮው ከሐሙስ ወደ ሰኞ መጥቷል፤ ንገሪያት አሏት። ፈንታዬ «እሺ፣ እነግራታለሁ» አለች። ከዚያ የተደወለበትን ቁጥር ከስልኩ ላይ አጠፋችው። ዘቢደር ፊቷን ሳትሸፍን፣ ከሰው ጋር እየተሳሳቀች ከገበያ ተመለሰች። ሰኞ መጣ፤ ፈንታዬ ዝም አለች። ሰኞ አለፈ፤ ዝም አለች። ሐሙስ ጃንጥላውን ይዛ አብራት ተሳፈረች። ፊቷ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቢቀር እሷም ትንሽ ትቆይልኛለች ብላ ነው።

እናንተ ያነበባችሁ ፍረዱ። ፊቷን አበላሽታ ያሳከመቻት ስንዱ፣ ስም አውጥታባት እጇ የተቃጠለላት ትሁን፣ ወይስ እጇን ይዛ ሄዳ ዝም ያለችው ፈንታዬ? ከዘቢደር ቀኝ መቆም የሚገባት ማን ናት?