የፋንታዬ ጋዝ ወዴት ሄደ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ፋንታዬ የምትባል ሴት ነበረች። በቀን አርባ ዓሣ ትጠብሳለች፤ የዚያን ቀን የፈለገችው ግን አንድ ዓሣ ብቻ ነበር። አባቷ አቶ ላፒሶ ታመው ከተኙ ወዲህ፣ ከአጥሚት በቀር እህል በአፋቸው አልዞረም። ጠዋት ቀና አሉና፣ «ፋንቱ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ቢገኝ እቀምስ ነበር» አሏት።

ፋንታዬ በደስታ ዓሣውን አጠበች፤ ጨውና ሎሚ አሸችው። የጋዝ መጥበሻዋን ብትለኩስ እሳቱ ሁለት ጊዜ ተርገበገበና ጠፋ። ሲሊንደሩን ብታነሳው እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለላት። ድሮ አንዱ ሲሊንደር ወር ያደርሳት ነበር፤ ይኼ ሳምንት አልሞላውም። ከሰል እንዳታቀጣጥል ደግሞ፣ ሐኪሙ ጭስ ለአባቷ ደረት አይሆንም ብሏል።

ባዶውን በባጃጅ ጭና ጋዝ ሻጩ ሸምሱ ዘንድ ሄደች። ሸምሱ ሲያያት ራሱን ነቀነቀ፤ በአንድ ወር ሦስተኛ ሲሊንደሯ ነው። ቤቱ ይሸታል ወይ ብሎ ጠየቃት። አባቷ ሰሞኑን የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ እያሉ ሲነጫነጩ፣ እሷ የዓሣ አንጀት ነው እያለች ማለፏ ትዝ አላት። መጥበሻው ያለው አባቷ መስኮት ሥር ነው። ክው አለች።

«እቴ፣ ጋዝሽን የሚጨርሰው ዓሣው አይደለም። የሚያፈስ ነገር አለ» አላት ሸምሱ። «ምድጃ ጠጋኙ መርክነህ የጋዙን ጎማ ሳይፈትሽ አልሸጥልሽም።»

ሸምሱ ጋዝ አይሸጥም፣ ዓሣው አይጠበስም፣ አባቷም አይበሉም።

ወደ መርክነህ ሮጠች። መርክነህ መምጣቱን ባልጠላ ነበር፤ መፍቻው ግን ከፋሲካ ጀምሮ ጀልባ ነጂው ሌዳሞ ጋ ነው። በጥርሴ ልፍታው ወይ ብሎ ጠየቃት።

መርክነህ ጎማ አይፈትሽም፣ ሸምሱ ጋዝ አይሸጥም፣ ዓሣው አይጠበስም፣ አባቷም አይበሉም።

ሌዳሞ ጀልባው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የሞተሩ ብሎን ሐይቁ ውስጥ ወድቆ፣ በብሎኑ ፈንታ መፍቻውን ሸጉጦበታል። «ይህን ብነቅለው ሞተሩ ለጉማሬ ነው» አላት። ብሎን ካመጣሽ ግን ውሰጂ አለ።

ሌዳሞ መፍቻ አይሰጥም፣ መርክነህ ጎማ አይፈትሽም፣ ሸምሱ ጋዝ አይሸጥም፣ ዓሣው አይጠበስም፣ አባቷም አይበሉም።

በያጁ ጌዲዮን ከሥራ ቤቱ ውጭ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ብሎኑ ለእሱ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ እትዬ ጥሩወርቅ ትልቅ እርጥብ ብርድ ልብስ ደጁ ላይ አስጥተው፣ ውሃው መበየጃው ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪክ ቢይዘኝ ማን ሊያላቅቀኝ ነው አለ።

ጌዲዮን ብሎን አይሠራም፣ ሌዳሞ መፍቻ አይሰጥም፣ መርክነህ ጎማ አይፈትሽም፣ ሸምሱ ጋዝ አይሸጥም፣ ዓሣው አይጠበስም፣ አባቷም አይበሉም።

ፋንታዬ እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «እትዬ፣ እርስዎ ብርድ ልብሱን ካላነሡ ጌዲዮን ብሎን አይሠራም፣ ሌዳሞ መፍቻ አይሰጥም፣ መርክነህ ጎማ አይፈትሽም፣ ሸምሱ ጋዝ አይሸጥም፣ ዓሣው አይጠበስም፣ አባቴም አይበሉም» አለች ባንድ ትንፋሽ።

እትዬ ጥሩወርቅ እስክትጨርስ ጠበቋት። የሆቴል ብርድ ልብስ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይኼ በአንድ ሰው አይጨመቅም» አሏት። «ከጠዋት ጀምሮ ጫፉን ያዙልኝ ብል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቸኩያለሁ ይለኛል።»

ፋንታዬም ቸኩያለሁ ልትል ነበር። ግን አንዱን ጫፍ ያዘች። እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ ጠመዘዙት፤ ውሃው ሁለቱንም አበሰበሳቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ፤ እሷንም ሳቅ አመለጣት።

ብርድ ልብሱ ተነሣ፣ ጌዲዮን ብሎን ሠራ፣ ሌዳሞ መፍቻ ሰጠ፣ መርክነህ ሊፈትሽ መጣ፤ ሸምሱም ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሞ ተከተለ።

መርክነህ ሲሊንደሩን ገጠመና፣ በጎማው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሳሙና አረፋ ቀባ። ጋዙን በትንሹ ሲከፍተው፣ መጥበሻው ሥር በሚያልፈው በኩል አረፋው ፊኛ እየሆነ ተነፋ። ሙቀት ጎማውን ሰንጥቆታል። ማታ ማታ የሲሊንደሩን ራስ ትዘጊያለሽ ወይ ሲላት፣ የመጥበሻውን ማጥፊያ ብቻ እንደምትዘጋ ነገረችው። ሌሊቱን ሙሉ አባቷ መስኮት ሥር ሲፈስ ያደረው ጋዝ ነበር።

መርክነህ አዲስ ጎማ ከመጥበሻው አርቆ ዘረጋ፤ እንደገና አረፋ ቀባ። አረፋው ዝም አለ። መጥበሻውንም ከመስኮቱ አንሥተው አጥር ጋ ወሰዱት።

እሳቱ ተለኮሰ፣ ዓሣው ተጠበሰ። አቶ ላፒሶ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ደገሙ፤ አጥንቱን አንድ በአንድ መጠጡት። ፋንታዬ ልብሷ ሳይደርቅ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

ሳህኑን ባዶ አድርገው ገፋ አደረጉና፣ «ጨው አንሶታል» አሏት።

ፋንታዬ ሁለተኛውን ዓሣ ልትጠብስ ወጣች።